ሰብዉፈር ከተገጠመ በኋላ ቤዙ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ርካሽ ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ከስቴሪዮ ጋር ተገናኝቶ ቤዙ ካላማረ መጀመሪያ የሚወቀሰው ዕቃው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የገመዱ፣ የቦታው ወይም የማስተካከያ ቁልፎቹ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ከመግዛት በፊት እነዚህን ይፈትሹ። እዚህ የምናወራው የራሱ አምፕሊፋየር ስላለውና ኤሌክትሪክ ላይ ስለሚሰካው ዓይነት ነው።

ጭራሽ ድምፅ የለውም፣ ወይም በየመሃሉ ይጠፋል

ከጀርባው ኦን እና አውቶ የሚል ማብሪያ ካለ ኦን ላይ ያድርጉት። አውቶ ላይ ሲሆን ሙዚቃው ዝግ ካለ ሰብዉፈሩ ያለ ሥራ የተቀመጠ መስሎት ይተኛል።

ድምፅ እያለው የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ቢያዞሩም የሰብዉፈሩ ካልተለወጠ ገመዱ የተሰካው ሪከርድ አውት (ለመቅጃ የተዘጋጀው መውጫ) ላይ ነው። ያ መውጫ ከቮልዩሙ በፊት ያለ ስለሆነ ከቮልዩሙ ጋር ወደሚለወጠው ሰብ አውት ወይም ፕሪ አውት ያዛውሩት። ሁለቱም ከሌሉና ሰብዉፈሩ ሃይ ሌቭል የተባለ የስፒከር ሽቦ የሚቀበል መግቢያ ካለው፣ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ከስፒከር ማሰሪያዎቹ ተጨማሪ ሽቦ ይሳቡ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ስፒከሮቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ይህ መግቢያ የሚስበው ኃይል ኢምንት ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ላይ ጫና የለውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በብዙ ትንንሽ ክላስ ዲ አምፕሊፋየሮች ላይ ጥቁሩ ማሰሪያ ግራውንድ (የጋራ ዜሮ መስመር) አይደለም። የግራና የቀኙ ጥቁር ሽቦ ሰብዉፈሩ ውስጥ ከተገናኘ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል፤ የሁለቱንም መመሪያ ሳያዩ አያገናኙ።

ሙዚቃ ሳይኖርም ያጉረመርማል

የሙዚቃውን ገመድ ከሰብዉፈሩ ይንቀሉ። ጉርምርምታው ከቀጠለ ብልሽቱ ውስጡ ነው፤ ለጠጋኝ ይስጡት። ከጠፋ መጀመሪያ ሌላ ገመድ ይሞክሩ፤ ካልተሻለው ግራውንድ ሉፕ ነው፤ ማለትም ዕቃዎቹ በኧርዝ በኩል ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ተገናኝተዋል። ሰብዉፈሩንና አምፕሊፋየሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ካልሆነ ከስቴሪዮው ጋር በተያያዘው ቴሌቪዥን ላይ ያለውን የአንቴና ወይም የዲሽ ገመድ ይንቀሉ፤ ብዙ ጊዜ ምንጩ እሱ ነው። የመጨረሻው አማራጭ ገመዱ መሃል ላይ የሚገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ነው፤ በጣም ርካሹ ግን ጥልቁን ቤዝ ይቀንሳል። የስፒናውን የኧርዝ እግር ቆርጦ ጉርምርምታ ማጥፋት ሕይወት ያስከፍላል፤ ፈጽሞ አይሞከርም።

ቤዙ ይድበሰበሳል፤ አንዱ ኖታ ይጮኻል፣ ሌላው የለም

ይህ የክፍሉ ሥራ ነው። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 34 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) አካባቢ ያለውን ድምፅ ግድግዳዎቹ ጋ አግንኖ መሃል ላይ ያጠፋዋል። ጥግ ደግሞ ሁሉንም ያገንናል።

ሰብዉፈሩን እርስዎ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ያስቀምጡትና ቤዝ ጊታሩ ከፍ ዝቅ የሚል ሙዚቃ ይክፈቱ። ከዚያ በግድግዳው ዳር ጎንበስ ብለው እየዞሩ ያድምጡ። ኖታዎቹ እኩል የሚሰሙበት ቦታ ሲያገኙ ሰብዉፈሩን እዚያ ያዛውሩት። ግማሽ ሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል፤ ከቁልፎቹ ሁሉ በፊት ይህን መጨረስ ያዋጣል።

ቀጥሎ ክሮስኦቨሩ፣ ማለትም ሰብዉፈሩ እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚጫወት የሚወስነው ቁልፍ። ባለ 5 ኢንች ስፒከሮች ካሉዎት ከ80 ኸርዝ፣ ትልልቅ ከሆኑ ከ50 ይጀምሩ። በአብዛኛው ይህ ቁልፍ የሚገድበው ሰብዉፈሩን ብቻ ነው፤ ስፒከሮቹ ቤዛቸውን እንደያዙ ይቀጥላሉ፣ ከፍ ካደረጉት ሁለቱ ይደራረባሉ። ከ100 በላይ ደግሞ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ ይለየዋል። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግምት ስለሆነ ጆሮዎን ይመኑ። ጌኑን (የሰብዉፈሩን የራሱን የድምፅ መጠን ቁልፍ) ከዜሮ ተነስተው ይጨምሩ፤ ሰብዉፈሩ መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ብቻ ከሆነ ልኩ ላይ ነው።

ሰብዉፈሩ ሲበራ ቤዙ ጭራሽ ቀነሰ

ሰብዉፈሩና ስፒከሮቹ በተቃራኒ እየገፉ ነው። መጀመሪያ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ አለመገለባበጡን ይዩ። ከዚያ የፌዝ ማብሪያውን 0 እና 180 ላይ እያደረጉ ከወንበርዎ ያድምጡ፤ ቤዙ የሚሞላበትን ይተዉት። ማብሪያው ከሌለ የሁለቱንም ስፒከሮች ሽቦ መገልበጥ ያው ነው።

ድምፁ ሲጨምር ይንኳኳል ወይም ንፋስ ይተፋል

ባለ 8 ኢንች ርካሽ ሰብዉፈር ከ30 ኸርዝ በታች ብዙ አይጠበቅበትም፤ ሲገፋ ኮኑ (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ከልኩ በላይ ይወጣል፣ በቀዳዳውም ንፋስ ይተፋል። የአምፕሊፋየሩን ቤዝ ቡስት ያጥፉ፣ ጌኑን ይቀንሱ። ከሳጥኑ ውጭ የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ ከ30 እስከ 80 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ ከስቴሪዮው ጋር በተገናኘ ስልክ ያጫውቱና የቁም ሳጥን በሩን፣ የመስኮቱን መስታወት በእጅ ጫን እያሉ ይፈልጉ።