የአውሎ ነፋስ ጀነሬተር እንዴት ይተከላል? ከጋዙ ጀምሩ

ሃሪኬን ቤሪል ጁላይ 8 ቀን 2024 ንጋት ላይ ማታጎርዳ አጠገብ ቴክሳስ ገባና ሂውስተንን ረግጦ አለፈ። ምድብ አንድ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ሄደባቸው። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ከአራት ወር በፊት 13 ሺህ ዶላር ከፍዬ ሙሉ ቤት የሚችል ጀነሬተር አስተክዬ ነበር። መብራቱ ድርግም ሲል ውጭ ያለው ሳጥን አጓራ፤ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ቤቱ በራ። ባለቤቴ «ተመስገን፣ ብራችን አልባከነም» አለች። የታችኛው ኤሲ ተነሳ፣ የላይኛው ተከተለ። ጀነሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጸጥ አለ።

ኤሲዎቹን ስናጠፋ እንደገና ይሠራል። ስናበራ ይሞታል። በጁላይ ሙቀት አምስት ቀን በማራገቢያ ኖርን። የሰኔ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለነበር ፍሪዘሩ በሥጋ ተሞልቷል። ሥጋው በረዶ እንደሆነ ከረመ፤ የተቀቀልነው እኛ ነን።

ጀነሬተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ጋዝ አጥሮት ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ሌላውን ብትዘሉ እንኳ የጋዙን ክፍል አትዝለሉ።

ለጀማሪ በአጭሩ፦ ተጠባባቂ ጀነሬተር እንደ ኤሲ ኮንደንሰር ውጭ የሚቀመጥ፣ በከተማ ጋዝ ወይም በፕሮፔን የሚሠራ ሞተር ነው። ትራንስፈር ስዊች የሚባለው ሳጥን መብራት መሄዱን አይቶ ያስነሳዋል፤ ቤቱን ከመንገዱ መስመር ቆርጦ ወደ ጀነሬተሩ ያዞረዋል። መብራት ሲመጣ ይመልሰዋል። ኤሌክትሪኩንም ጋዙንም የሚሠራው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። የእናንተ ሥራ ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ ነው።

ጊዜ

የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ መንደሩ ሁሉ ስለሚደውል ወረፋው ወራት ይፈጃል። ጃንዋሪ ላይ ጀምሩ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆነ «አይፈቀድም» ቢሏችሁ አትመለሱ፤ ቴክሳስ ከ2015 ጀምሮ ማኅበራት ቋሚ ጀነሬተር እንዳይከለክሉ በሕግ ደንግጋለች። ቦታውን እና መከለያውን በተመለከተ ግን ደንብ ማውጣት ይችላሉ። የከተማውን ፐርሚት የሚያወጣው ጫኙ ነው። «ያለ ፐርሚት በርካሽ ልሥራልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሸኙት።

መጠን

«ስንት ካሬ ነው ቤትህ?» ብሎ ብቻ ዋጋ የሚሰጥ ሻጭ አትመኑ። ፓኔሉን (የብሬከሩን ሳጥን) ከፍቶ የኤሲዎቹን ሰሌዳ የሚያነብ ይሻላል። ኤሲ ሲነሳ የሚስበው ኃይል ሲሠራ ከሚስበው በጣም ይበልጣል። ሁለት ኤሲ ላለው የተለመደ ቤት ከ22 እስከ 26 ኪሎዋት ይባላል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የፕሮፔን መሆኑን እወቁ፤ በከተማ ጋዝ ያንሳል። ለኤሲው ሶፍት ስታርተር (አነሳሱን የሚያለዝብ መሣሪያ) ማስገባት፣ ልብስ ማድረቂያና የመኪና ቻርጀርን ደግሞ ጭነት ሲበዛ ራሱ በሚቆርጥ መሣሪያ ማሳለፍ ትልቅ ጀነሬተር ከመግዛት ይረክሳል። ስለ ብራንድ ብዙ ክርክር አለ። እኔ የምለው አንድ ነው፦ በአካባቢያችሁ ጠጋኝና ዕቃ ያለውን ግዙ።

ቦታ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው። ጫኙ ከጋዝ ቆጣሪው ጎን ሊያስቀምጠው ፈልጎ ነበር። ድምፁ መኝታ ቤት ይገባል ብዬ ከቤቱ ማዶ አስወሰድኩት። ይህ ውሳኔ 60 ጫማ ቱቦ ጨመረብኝ፤ ምን እንዳስከተለ ቀጥሎ ታያላችሁ። ለጋዝ ቆጣሪውና ለፓኔሉ የቀረበ ቦታ ምረጡ። ቀረበ ማለት ግን ተለጠፈ ማለት አይደለም። አምራቹ የጻፈው ርቀት ይጠበቅ።

ከመስኮት፣ ከበርና ከማንኛውም የአየር ማስገቢያ ቢያንስ 5 ጫማ ይራቅ። የጎረቤትንም መስኮት ቁጠሩ። ቤት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ጭስ ውስጥ ያለ፣ የማይሸት ገዳይ ጋዝ) ማንቂያ ይኑር። በፌብሩዋሪ 2021 ብርድ ጊዜ በዚህ ጭስ በሂውስተን ሰው አልቋል፤ ከእኛም ወገን ነበሩበት። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ከፍታውንም አስቡበት። በ2017 ሃርቪ ሲመጣ በጎርፍ ካርታው ላይ የሌሉ ብዙ ቤቶች ውሃ ገብቶባቸዋል። የፌማን (የፌዴራሉን የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ እዩ፣ ከተማውን ጠይቁ፣ ሃርቪ ጊዜ እዚያ የነበረ ጎረቤትም ጠይቁ። ውሃው የት እንደደረሰ ግድግዳው ላይ በጣቱ ያሳያችኋል። ጀነሬተሩ ከዚያ በላይ፣ በብረት መቆሚያ ወይም በኮንክሪት ላይ፣ በቡሎን ታስሮ ይቀመጥ። ዝም ብሎ ጠጠር ላይ የተቀመጠ ጀነሬተር ለንፋስም ለጎርፍም አይሆንም።

ጋዙ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሁለት ነገር ይለካል፤ ቆጣሪው እና ቱቦው።

ወደ ውጭ ውጡና የጋዝ ቆጣሪያችሁን ፊት አንብቡ። በሰዓት ስንት ኪዩቢክ ጫማ ማሳለፍ እንደሚችል ተጽፏል። የብዙ ቤት 250 ነው። አሁን ደምሩ። 24 ኪሎዋት አካባቢ የሆነ ጀነሬተር በሙሉ ጭነት በሰዓት ወደ 300 ኪዩቢክ ጫማ ይበላል። ብቻውን ቆጣሪውን አለፈ ማለት ነው። የውሃ ማሞቂያው ወደ 40፣ ምድጃው 60፣ በክረምት ደግሞ ማሞቂያው እስከ 100 ይጨምራል። 500 ገባን። ስለዚህ ትልቅ ቆጣሪ ያስፈልጋል። የሚቀይረው የጋዝ ኩባንያው ነው፣ የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ ጫኙ ወይም እናንተ ናችሁ። የኔ ስድስት ሳምንት ወስዷል።

ቱቦው ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ጋዝ በረዥም ቀጭን ቱቦ ሲሄድ ይደክማል። በተለመደው ዝቅተኛ የቤት ግፊት፣ 60 ጫማ በሚረዝም የብረት ቱቦ፣ ሦስት አራተኛ ኢንቹ በሰዓት ወደ 137 ኪዩቢክ ጫማ ብቻ ያደርሳል። አንድ ኢንቹ ወደ 257 ነው። አንድ ከሩቡ 528። ልዩነቱ ግማሽ ኢንች ብቻ ነው፣ ጋዙ ግን አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የኔን ከውሃ ማሞቂያው መስመር ቀጥለው በሦስት አራተኛ ኢንች ነበር የጎተቱት። የውሃ ማሞቂያው ድርሻውን ሲወስድ ሲሶ ጋዝ ደረሰው፣ ሲሶ ሥራ ሠራ። ሥጋውን ያዳነው እሱ ነው።

ታዲያ ለአራት ወር እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ? ጀነሬተሩ በየሳምንቱ ማክሰኞ ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ይሞክራል። እኔም ድምፁን ሰምቼ «ጎበዝ!» እላለሁ። ያ ሙከራ ግን ያለ ጭነት ነው። ኢንስፔክተሩም የፈተነው ቱቦው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ነው፤ ስንት እንደሚያደርስ አይደለም።

ጫኙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ቱቦው ስንት ጫማ ነው፣ ስንት ኢንች፣ በሰዓት ስንት ያደርሳል? ጻፍልኝ።» ለጀነሬተሩ ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ መስመር ይሻላል። ርቀቱ ከበዛ ኩባንያው 2 ፒኤስአይ (ከተለመደው የቤት ግፊት ከፍ ያለ) ሰጥቶ ጀነሬተሩ ጋ ግፊት በሚቀንስ ሬጉሌተር ማውረድም ይቻላል፤ ቱቦው ቀጭን ቢሆንም ይበቃል።

የከተማ ጋዝ ከሌላችሁ ፕሮፔን ነው። 500 ጋሎን ታንክ የሚሞላው እስከ 80 በመቶ፣ ማለትም 400 ጋሎን ነው። ይህ በግማሽ ጭነት አንድ ሳምንት አካባቢ ያስኬዳል። ታንኩን አስሩት፤ ጎርፍ ሲመጣ ይንሳፈፋል።

ኤሌክትሪኩ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ብዙ አልልበትም። ትንሽ ጀነሬተር ላላችሁ ግን አንድ ቃል፦ ሁለት ወንድ ጫፍ ባለው ገመድ በልብስ ማድረቂያው ሶኬት ኃይል ወደ ቤት አታስገቡ። መንገድ ላይ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። አቅም ካልፈቀደ በኢንተርሎክ (የመንገዱ መስመርና ጀነሬተሩ አብረው እንዳይበሩ የሚከለክል መቆለፊያ) እና በውጭ ሶኬት የሚያያዝ ተንቀሳቃሽ ጀነሬተር በጣም ርካሽ ነው፤ አያሳፍርም።

ሙከራው

ጫኙ ቼኩን ሳይቀበል ይህን አሠሩት። ሁለቱን ኤሲ፣ ምድጃውን፣ ልብስ ማድረቂያውን ክፈቱ፤ ሙቅ ውሃ ልቀቁ። ከዚያ ከትራንስፈር ስዊቹ በፊት ያለውን ዋና ብሬከር ያውርድ። ከስዊቹ በኋላ ያለውን ካወረደ ጀነሬተሩ አይነሳም፣ ግራ ትጋባላችሁ። ግማሽ ሰዓት ይሥራ። እሱ በዚያ መሃል ጀነሬተሩ መግቢያ ላይ ማኖሜትር (የጋዝ ግፊት መለኪያ) ሰክቶ ግፊቱን ያንብብ። ለከተማ ጋዝ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ከ3.5 እስከ 7 ኢንች የውሃ ግፊት ነው (ዝቅተኛ የጋዝ ግፊት የሚለካው በዚህ ነው)። የኔ፣ ከቤሪል በኋላ ሲለካ፣ ኤሲው ሲነሳ ወደ 2 ወረደ። ቱቦውን ቀይሮ ለመጨረስ ሌላ 2,800 ዶላር ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዘይት ነው። የብዙዎቹ አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይት በ25 ሰዓት ይቀየራል። ያ ማለት ከአንድ ቀን ትንሽ የሚበልጥ የመብራት መጥፋት ነው። ረዥም ሲሄድ በየ24 ሰዓቱ አጥፍታችሁ፣ ትንሽ አቀዝቅዛችሁ፣ ዘይቱን እዩ። መመሪያው ላይ የተጻፈውን ዘይትና ፊልትሮ አስቀድማችሁ ጋራዥ አስቀምጡ፤ በዚያ ሳምንት ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ክዳኑን ስትከፍቱ ደግሞ እጃችሁን አትስደዱ። የሂውስተን ቀይ ጉንዳን ሞቅ ያለ ሳጥን ይወዳል፤ እኔ ባትሪው ሥር ሙሉ መንደር አግኝቻለሁ።