የተቀባ ግድግዳ ላይ አዲሱ ቀለም አልይዝ ሲል

ምልክት፦ ቀለሙ በትልልቅ ቅጠል እየተገነጠለ ይነሳል፤ ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ አሮጌ ቀለም ይታያል።

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው። ሳሎንና ኮሪደር ከወለል እስከ ደረት ድረስ በዘይት ቀለም ይቀባል፤ የልጅ እጅና የወንበር ጭረት ታጥቦ እንዲለቅ። ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ ቀለሙ ይሰለቸውና አንድ ጋሎን ፕላስቲክ ቀለም፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥነውን፣ ገዝቶ በላዩ ላይ በሮለር ያስኬደዋል። በሁለት እጅ ይሸፍናል፣ ያምራል፣ ቀቢው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ ካላንደር የተለጠፈበት ፕላስተር ሲነሳ ወይም አልጋ ሲጎተት ቀለሙ አብሮ ይመጣል። ቀለም ሻጩን መውቀስ የሚጀመረው ያኔ ነው። ዕቃው ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም፤ ውሃ ያለበት ቀለም በሚያብለጨልጭ ዘይት ላይ የሚነክሰው ነገር የለውም።

አሮጌው ምን እንደሆነ ለማወቅ ከፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በጥጥ ነክሮ አንድ ቦታ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማሸት ነው። ጥጡ ቀለም ከያዘ ፕላስቲክ ነው። ምንም ካልያዘ ዘይት ነው፤ የሚከተለው ሥራ አንዱም አይዘለልም።

የተነሳውን በስፓቱላ ፋቁ። «እዚህ ጋ ደህና ነው» ብሎ መቆም የለም፤ ስፓቱላው ከጠርዙ ሥር እስከገባ ድረስ መፋቅ ነው። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃና በኦሞ ከታች ወደ ላይ እጠቡ፤ ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ መስመር ይተዋል። በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ፤ የቀረ ኦሞ ራሱ ቀለም ያስነሳል። እጥበቱ ከብርጭቆ ወረቀት በፊት ነው፤ ሳይታጠብ ከተፋተገ ቅባቱ ወደ ጭረቱ ይገባል። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ።

ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማብለጭለጩ እስኪሞት አሹት። ባትሪ ከጎን አብርታችሁ እዩ፤ የሚያበራ ቦታ ካለ አልተፋተገም። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አገሪቱ በቀለም ውስጥ የሚኖር እርሳስን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 90) የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀባን ግድግዳ በደረቁ አትፈትጉ። ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ ሥሩ፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ከቤቱ ይውጡ። ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳ። መጥረጊያ አቧራውን አስነስቶ መልሶ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል።

አሁን አንድ እጅ የዘይት ፕራይመር፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መያዣ። የሚቀጥነው በአኳራጅ ነው፤ ቤንዚን የሚጨምር ቀቢ ካያችሁ አስቁሙት፣ ቤት ያቃጥላል። ጣሳው ላይ 24 ሰዓት ቢልም በብርድ ሁለት ቀን ስጡት። ከዚያ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ፕላስቲኩን ቀብታችሁ ሦስት ቀን ቆዩ፤ በምላጭ መስቀል ቁረጡና ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንዴ ንጠቁት። ምንም ካልተነሳ ቀሪውን ሁለት እጅ ቀቡ።

ስለ ግድግዳ ማለስለሻው ስቱኮ «ሁሉን ይይዛል» የሚባለውን አትስሙ። በሚያብለጨልጭ ዘይት ላይ የተለቀለቀ ስቱኮ ከነቀለሙ በሳህን በሳህን ይወርዳል፤ ስቱኮም ከፕራይመር በኋላ ነው።

ምልክት፦ የተነሳው ቀለም ጀርባ ነጭ ዱቄት ይዟል፤ ግድግዳው መዳፍ ያነጣል።

ሥሩ ኖራ ነው፣ ወይም ውሃ የበዛበት ርካሽ ቀለም። ኖራውን አርጥቦ መፋቅ፣ ማጠብ፣ ሲደርቅ ለሚያነጣ ግድግዳ የሚሸጠውን ቀጭን ፕራይመር ማጠጣት። መዳፍ እያነጣ የሚቀባ ገንዘቡን ጣለ።

ምልክት፦ ቀለሙ ደርቋል፣ ግን በጣት ሲታሽ ይፈረፈራል ወይም በቀጭኑ ይሰነጣጠቃል።

ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። አብዛኛው ፕላስቲክ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም፤ ውሃው ይሄዳል፣ ቀለሙ ግን ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ለገና ብለው ማታ የሚቀቡ ሰዎች ይህን ያመጣሉ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብቻ ቀቡ፤ ከአየሩ ይልቅ ግድግዳው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ቀለም ለማድረቅ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጭሱ ሳይታይ ሰው ይገድላል። የፈረፈረው ተፍቆ እንደገና ይቀባል፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ምልክት፦ ቀለሙ ውሃ ይቋጥራል፣ ወይም ከወለሉ አጠገብ ነጭ ጨው ይወጣል።

እርጥበት ነው። ለእንቁጣጣሽ በነሐሴ የተቀባ ቤት ላይ ይበዛል። አንድ ክንድ ፌስታል አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ አንድ ቀን ተዉት፤ ከውስጥ ላብ ከያዘ አትቀቡ። መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ወይም የውጪውን ቦይ አስተካክሉ። ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም፤ ውሃ መልሶ ያስገባዋል።

ምልክት፦ የማድቤት ግድግዳ ላይ ቢጫ ጠብታ በአዲሱ ቀለም ውስጥ ያልፋል።

ጥቀርሻ። በሙቅ ውሃና በኦሞ ታጥቦ የዘይት ፕራይመር ይቀባ፤ ፕላስቲክ ብቻውን ስንት እጅ ቢደራረብ አይሸፍነውም።

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ደግሞ ቆላ ስለሆነ ችግሩ የብርዱ ተቃራኒ ነው፤ ቀለሙ ሮለሩ ላይ ሳለ ስለሚደርቅ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ በማለዳ ይቀባ።