ባቢሌ ዝሆን ለማየት፦ ከኮረብታ ወይስ ከታች?

ከሐረር ወይም ከድሬ ተነስታችሁ ባቢሌ ዝሆን ልታዩ ከሆነ፣ ከካሜራው በፊት ነፋሱን አስቡ። የዝሆን ዓይን ደካማ ነው፤ አፍንጫው ግን አይጣል ነው።

ጠዋት ከኮረብታ ላይ እዩ። ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው አየሩ ሽታችሁን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ በቀስት የሚያድኑ ሰዎች ዛፍ ላይ የሚቀመጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሽታ ነው። ዝሆኖቹ ያሉበት ኤረር ሸለቆ ደግሞ ቁልቋሉና ግራሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከታች ሆናችሁ ዝሆኑን የምታዩት አጠገቡ ስትደርሱ ነው። ያኔ ማየቱ ይቀርና ሩጫ ይመጣል (ዝሆንን ደግሞ ሮጦ የሚያመልጠው የለም)።

አመሻሽ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ይወርድና ሽታችሁን መንጋው ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ ነፋሱ ፊታችሁን እንዲመታ ቦታ ቀይሩ።

አቅጣጫውን ለማወቅ ደቃቅ አፈር ዘገን አድርጋችሁ በትከሻ ልክ ልቀቁት። ወደ ኋላችሁ ከበነነ ጥሩ፤ ወደ ዝሆኑ ከሄደ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ሽቶና ሲጋራ ይቅርባችሁ። ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) ሳትይዙ ደግሞ ወደ ሸለቆው እንዳትወርዱ።