ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ እጅ መታጠብን እንዴት እናስተምራለን?

ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ልብስ መልበሱንም፣ መመገቡንም፣ ጥርስ መቦረሹንም በአንድ ጊዜ ላስተምር ማለት እሱንም እርስዎንም ያደክማል። አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። እኔ እጅ መታጠብን አስቀድማለሁ፤ በእያንዳንዱ ማዕድና ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ስለሚደጋገም ለልምምድ የተለየ ሰዓት መፈለግ አያስፈልግም።

መጀመሪያ እርስዎ ራስዎ ቀስ ብለው ይታጠቡና ያደረጉትን በተራ ይጻፉ፦ እጅጌ መሰብሰብ፣ ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሳት፣ 20 ሰከንድ ያህል ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ በፎጣ ማድረቅ። ለእኛ አንድ ሥራ የሚመስለን ነገር ለልጁ ስምንት ሥራ ነው።

ቀጥሎ ከመጨረሻው ይጀምሩ። ሰባቱን ደረጃዎች አብረውት ይሥሩ፤ ፎጣውን ግን ለእሱ ይተዉለት። እንዲህ ሲሆን ሥራው ሁልጊዜ በእሱ እጅ ያልቃል፤ ምስጋናውም ወዲያው ይደርሰዋል። «ጎበዝ» ብቻ ሳይሆን «ጎበዝ፣ እጅህን ራስህ አደረቅህ» ይበሉት። ማድረቁን ሲለምድ ቧንቧ መዝጋቱን ይጨምሩለት፣ ከዚያ ማለቅለቁን፤ እንዲህ ወደ ኋላ ይሂዱ።

ሲያግዙት ከኋላው ይቁሙ፤ እጅዎ ከእጁ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ መዳፉን ከያዙ ሌላ ጊዜ አንጓውን፣ በኋላ ክርኑን ብቻ ይንኩ፤ በመጨረሻ ይልቀቁት። ንግግር አያብዙ። «ክፈት» ብለው ዝም ይበሉ፤ በልብዎ እስከ አምስት ቆጥረው ይጠብቁ። ይህች ዝምታ ለወላጅ በጣም ከባድ ናት፤ ልጁ የሚያስበው ግን በእሷ ውስጥ ነው።

እንቢ ካለ በግድ አይጎትቱት። በሐምሌ ጠዋት የአዲስ አበባ ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ የሳሙና ሽታ የሚረብሻቸው ልጆችም አሉ። ውሃውን ለብ አድርገው፣ ሳሙናውን ቀይረው ይሞክሩ።

ስምንቱን ደረጃዎች በራስዎ መታጠቢያ ላይ በስልክ ፎቶ ያንሱ። በአቅራቢያዎ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ አሳትመው፣ በፕላስቲክ አስለብጠው፣ በልጁ ዓይን ከፍታ ይለጥፉ።

ትልቁ ፈተና ያለው ቤተሰቡ ዘንድ ነው። አያት በፍቅር እጁን ያጥቡለታል፤ አክስት ታጎርሰዋለች፤ የቤት ሠራተኛዋ ሰዓት እንዳይረፍድ ትቸኩላለች። ጉርሻው አይቅር፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን እንጀራ ራሱ ቆርሶ ከጎረሰ በኋላ ይሁን። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀሙ። ልጁ ማዕከል የሚማር ከሆነም፣ ለምሳሌ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል፣ መምህራኑ የሚጠቀሙበትን ቃል ጠይቀው ቤትም ያንኑ ይበሉ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው የሚደርቅበት ቀን አለ። ስለዚህ በቧንቧ ሲለምድ በጆግና በሳፋም ያለማምዱት፤ በቤቱ ቧንቧ የቻለ ልጅ እንግዳ ቤት ሄዶ ሊደናገር ይችላል። ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱና ኬክ ቤት ሲገቡም ያስታጥቡት።

ያለ እርዳታ በተከታታይ ቀናት ከታጠበ ወደ ሱሪ ይሻገሩ። ወገቡ ላስቲክ የሆነውን ይምረጡ፤ እስከ ጉልበቱ እርስዎ ያልብሱት፣ ከጉልበት ወደ ላይ እሱ ይሳበው።