ለብቻ የመጓዝ ትርፍ፦ ጉዞው እንዴት ይጀመራል?

በቡድን የሚደረግ ጉዞ ትልቁ ሥራ መስማማት ነው። መቼ እንደሚነሡ፣ የት እንደሚያርፉ፣ የትኛውን አይተው የትኛውን እንደሚተዉ ሁሉ በድርድር ስለሚወሰን፣ አንዳንዴ ሰው ካየው አገር ይልቅ የባልንጀሮቹን ጠባይ አጥንቶ ይመለሳል። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ግን የሚደራደረው ከራሱ ጋር ነው። ሲሳካለት የሚያመሰግነው፣ ሲበላሽበትም የሚወቅሰው ሌላ ሰው ስለሌለ፣ በሌላ ጊዜ ለሰው አስረክቦት የነበረውን ውሳኔ ሁሉ መልሶ ይረከባል፤ በእኔ ግምት ለብቻ የመጓዝ ዋናው ትርፍ ይህ ርክክብ ነው። ይሁን እንጂ ትርፉ ከቤት ስለወጡ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ጉዞው ለዚህ እንዲያመች ሆኖ መሰናዳት አለበት።

በሁለት ሌሊት ይጀምሩ

ለመጀመሪያው ጉዞ ቋንቋውን የሚያውቁበትን፣ ነገር ቢበላሽ በግማሽ ቀን ውስጥ ወደ ቤትዎ ሊመለሱ የሚችሉበትን ቦታ ይምረጡ፤ ቆይታዎም ከሁለት ሌሊት አይነስ። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ለዚህ ዓላማ አይበቃም። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ፣ ማረፊያን በመፈለግና «ምን አመጣኝ?» በማለት ያልቃል፤ የሚቀጥረውም ሆነ የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ ለተጓዡ በእርግጥ የሚገባው በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ከእንቅልፉ ነቅቶ ጣሪያውን እያየ ሳለ ነው። ገና ከመነሻው ረጅሙን ጉዞ የሚመርጡ ሰዎች ድፍረታቸው የሚደነቅ ቢሆንም አካሄዱን አልመክረውም፤ አዲስ ቋንቋን፣ አዲስ ገንዘብንና ብቸኝነትን በአንድ ጊዜ መልመድ ይከብዳል።

አስታዋሽ እንደሌለዎት ያስቡ

ሁለት ሰዎች ሲጓዙ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል። ለብቻ ሲሆን ይህን ሥራ ወረቀት ይሥራልዎት። ጉዞው ወደ ውጭ አገር ከሆነ፣ ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ገና ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ስለሚጠይቁ፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት የሚጠየቅ ከሆነም፣ ሰነዱ መጽናት የሚጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ነገሩን ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደው ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስልክዎ ካርታም፣ ትኬትም፣ ባንክም ስለሚሆን የባትሪው ማለቅ ለብቸኛ ተጓዥ ትልቅ አደጋ ነው፤ ፓወር ባንክ ይያዙ፣ በአውሮፕላን ሲሄዱ ግን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንደማይፈቀድ፣ አቅሙም ያለ ልዩ ፈቃድ ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ እንደሌለበት አይርሱ። የባንክ ካርድና ጥሬ ገንዘብ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጡ። የሚያርፉበትን ቦታ አንድ የሚያምኑት ሰው ይወቅ፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት፣ አጭር መልእክት ለመላክም ይስማሙ።

ስለ ጓዝ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1889 ዓለምን ለመዞር ብቻዋን የተነሣችው አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ኔሊ ብላይ፣ በ72 ቀን ዞራ ስትመለስ የያዘችው አንዲት ትንሽ የእጅ ሻንጣ ነበር። ሻንጣዎን ራስዎ ይዘው ሦስት ፎቅ መውጣት ካልቻሉ ይቀንሱለት፤ መጸዳጃ ቤት ሲገቡ እንኳ የሚጠብቅልዎት ሰው የለም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ይወስኑ

ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚደርሱበትን መጓጓዣ ይምረጡ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ማረፊያም አስቀድመው ይያዙ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በተቻለ መጠን ክፍት ይተዉት። ብዙ ሆቴሎች ክፍሉን ለሁለት ሰው አስበው ስለሚተምኑት ብቸኛ እንግዳ የሁለቱን ያህል ሊከፍል ይችላል፤ ይህ ከከበደዎ ብዙ አልጋ ያለበት የእንግዶች ማረፊያ ርካሽ ነው፣ ሰው ለመተዋወቅም ይመቻል። የክፍልዎን ቁጥር ለማያውቁት ሰው አይንገሩ፤ ያልተመቸዎት ሰው ሲገጥምዎ ምክንያት ሳይሰጡ ተነሥቶ መሄድም ሙሉ መብትዎ ነው።

ብቻዎን ይብሉ፣ ስልክዎን ግን ከቦርሳ አያውጡ

ይህ እርምጃ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የከበደኝ እርሱ ነበር። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው፣ አስተናጋጁ «ሌላ ሰው ይጠብቃሉ?» ብሎ ሲጠይቀው ያፍራል። «አይ፣ ብቻዬን ነኝ» የሚለውን መልስ ያለ ማብራሪያ ይስጡ። ምግቡ እስኪመጣ እጅ ወደ ስልክ መሄዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ይታገሡ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዓይን ሥራ ያገኛል፤ ከጎን ጠረጴዛ ያለው ሽማግሌ ጋዜጣውን አራት ቦታ እንዴት እንደሚያጥፍ፣ አስተናጋጁ የትኛውን ደንበኛ እንደሚፈራ ይታይዎታል። ከባልንጀራ ጋር ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ በጨዋታ መካከል ያልፍዎ ነበር።

እቅዱ ሲበላሽ ይቀመጡ

አንድ ጊዜ የመነሻ ሰዓቱን አሳስቼ አንብቤ መናኸሪያ ስደርስ፣ አውቶቡሱ የኋላ መብራቱን እያሳየኝ ከበሩ ወጣ። የሚቀጥለው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነበር። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ተናደድኩ፤ ነገር ግን «አንተ ነህ ያዘገየኸኝ» የምለው ሰው አጠገቤ ስላልነበረ፣ ንዴቱ ማረፊያ አጥቶ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ በረደ። ከሰው ጋር ብሆን ቀኑን ሙሉ በቆየ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገር ሲበላሽ የማደርገው አንድ ነው፦ ዐሥር ደቂቃ ተቀምጬ እጠብቃለሁ፣ ቀጥሎ ትኬት መቁረጫው መስኮት ጋ ሄጄ እጠይቃለሁ። እርስዎም ቅደም ተከተሉን እንዳይገለብጡት፤ በንዴት የተቆረጠ ትኬት ብዙ ጊዜ ሌላ ስሕተት ነው።

ብቸኝነቱ ሲመጣ ሽንፈት አይምሰልዎ

ብቸኝነት ይመጣል፤ በተለይ ወደ ማታ። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1325 በ21 ዓመቱ ከታንጂር ብቻውን ተነሥቶ ቱኒስ ሲደርስ፣ የከተማው ሰዎች ወጥተው ሌሎቹን መንገደኞች ሰላም እያሉ ሲቀበሉ እርሱን የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ምርር ብሎ አለቀሰ። ሁኔታውን የተረዳ አንድ መንገደኛ ቀርቦ ሰላምታ ሰጠውና አጫወተው። ያው ያለቀሰው ወጣት ከቱኒስ የወጣው የተጓዦቹ ቃዲ (ዳኛ) ሆኖ ተሾሞ ነው፤ ጉዞውም ሠላሳ ዓመት ያህል ቀጠለ። ስሜቱ ሲበረታ ወደ ክፍል ገብቶ ከመተኛት ይልቅ ሰው ወዳለበት ይውጡና ትንሽ ነገር ይጠይቁ፤ መንገድ መጠየቅ ይበቃል። ለብቻው የሆነን ሰው ሌሎች ከቡድን ይልቅ በቀላሉ ያነጋግሩታል፤ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ መካከል መግባት ያሳፍራልና።

ማታ ማታ ውሳኔዎን ይጻፉ

ያዩትን ቦታ ሳይሆን የወሰኑትን ነገር በደብተር ይመዝግቡ፤ ቦታውን ፎቶግራፍ ያስታውስልዎታል። «ሙዚየሙን ትቼ ወንዝ ዳር ተቀመጥኩ፣ አልተጸጸትኩም» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ሲመለሱ ለወዳጅ ማውራት ከመጀመርዎ በፊት ደብተሩን አንድ ጊዜ ያንብቡት። ሌላ ሰው አጠገብዎ ቢኖር ኖሮ የማይወስኗቸው ውሳኔዎች ሥር ያስምሩ፤ ለሁለተኛው ጉዞ የሚሄዱበትን ቦታና የሚቆዩበትን ቀን ሲመርጡ ከእነዚህ መስመሮች ይነሡ።