ጎረቤት ቢሰማው የማያሳፍር የሚስዮን ጸሎት እንዴት ይጸለያል?

ፒያሳ ሳይፈርስ፣ ረቡዕ ማታ ለጸሎት የምንሰበሰብበት አንድ የቀበሌ ቤት ነበረን። ከጎረቤት የሚለየን ቺፕውድ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ሙስሊም እናት ናቸው፤ ቡና ሲያፈሉ የሚጠሩን፣ ለቅሶም ሰርግም ላይ የማይቀሩ። አንድ ምሽት ስለ ወንጌል ሥራ ስንጸልይ ሞቅ አለንና ከመካከላችን አንዱ ጦር ሜዳ ያለ ይመስል «አፍርስ! ስበር!» እያለ ስለ ሙስሊሞች ጮኸ። በነጋታው እማማ ስኒውን እያቀበሉን «ልጆቼ፣ ምን በድለናችሁ ነው?» አሉ። ዝም አልን። ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ አንድ መመዘኛ አለኝ፤ እማማ ቢሰሙት የማፍርበት ቃል ካለ እሱን አልጸልይም። የተቀረውን ደግሞ እንዲህ ነው የምናደርገው።

መጀመሪያ አንድ ሕዝብ ምረጡ። «ጌታ ሆይ፣ ዓለምን ሁሉ አስብ» ብሎ መጸለይ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው። አፋርን መረጣችሁ እንበል። ስለ ኑሯቸው አንብቡ፣ ከተማ ውስጥ ያሉትን አፋሮች ጠይቁ። ዳጉ የሚባል ባህል አላቸው፤ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በደንብ ሳይለዋወጡ አይለያዩም። ይህን ስታውቁ ጸሎታችሁ ይለወጣል። ወሬ ከአፍ ወደ ጆሮ በሚሮጥበት አገር ወንጌላዊው የሚኖረው ኑሮ ከስብከቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ስለዚህ «የታመነ ሰው አድርገው፣ የሚወራለት መልካም ይሁን» ትላላችሁ። ስለ ዝናቡም፣ ስለ ግመሉና ስለ ፍየሉም ጸልዩ። ሰዎቹ ባያምኑም ዝናቡ ያስፈልጋቸዋል።

ቀጥሎ ቃሉን ክፈቱ። ማቴዎስ 9፥38 የመከሩ ጌታ ሠራተኞችን እንዲልክ ለምኑ ይላል። ስትጸልዩት ግን ተጠንቀቁ፣ የሚላከው የራሳችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል። ቆላስይስ 4፥3 ላይ ደግሞ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ የለመነው ስለ እስር ቤቱ በር ሳይሆን የቃሉ በር እንዲከፈት ነው። ለወንጌላውያኑ እንዲህ መጸለይ ጥሩ ነው።

ከዚያ ስልክ ደውሉ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። መስክ ላይ ያለ ወንጌላዊ «እንዴት ናችሁ?» ስትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጸልዩልን» ነው የሚላችሁ፣ ከዚያ አያልፍም። ቆፍሩ። ልጆቹ የት ይማራሉ? ቋንቋው ገባው? ባለቤቱ የምታወራው ሰው አላት? ወባ ይዞት ያውቃል? የነገራችሁን ጻፉና በዚያው ጸልዩ። ግን የአዲስ አማኝ ስም፣ የመንደር ስም ወይም ፎቶ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም፣ «ለጸሎት ብቻ ነው» ተብሎም ቢሆን። ሰውዬው ከቤተሰቡ ሊለይ፣ ሊደበደብ ይችላል። «አንድ ወንድም» በሉ፣ እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል።

ሰዓቱን በልካችሁ አድርጉት። ጀርመን አገር ሄርንሁት በምትባል መንደር የነበሩ፣ ሞራቪያውያን የሚባሉ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ1727 በፈረቃ ቀንና ሌሊት መጸለይ ጀምረው መቶ ዓመት ገደማ አላቋረጡም፤ ከተጀመረ በ5 ዓመቱ የመጀመሪያዎቹን ሚስዮናውያን ላኩ። እናንተ በ15 ደቂቃ ጀምሩ። አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከዚያ በላይ እንቆም የለ?

እየተራመዱ መጸለይም ይቻላል። መርካቶ ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው፤ በዚያ በኩል ስታልፉ ዓይናችሁን ገልጣችሁ፣ በልባችሁ ጸልዩ። ተሸካሚውን፣ ነጋዴውን፣ ለጁምዓ የሚጣደፈውን እዩ። መስጊድ በር ላይ ቆሞ እጅ አንስቶ መጸለይ ግን ጠብ ፍለጋ ነው፣ እባካችሁ ይቅርብን።

መልስ ቶሎ ካልመጣ አትደንግጡ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ የውጭ ሚስዮናውያን ወላይታን ለቅቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከጣሊያን በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው አገኟቸው። ሥራውን የሠሩት እየታሰሩና እየተገረፉ የሰበኩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ጸሎታችሁ ከሩቅ በሚላከው ሰው ላይ ብቻ እንዳይቆም የምለው፤ ትናንት ያመነው የመንደሩ ልጅም ይታሰብ።

የጸለያችሁበትን ቀን በደብተር ያዙ። በወሩ መልሳችሁ ደውሉና ስለዚያው ነገር ጠይቁ፤ «የልጅህ ትኩሳት እንዴት ሆነ?» ሲባል ሰው እንደታሰበ ይገባዋል። ኔትወርክ ከሌለ በነጋታው ሞክሩ። ከደወላችሁ አይቀር ደግሞ የ100 ብር ካርድ ሙሉለት።