ከቁርባን በፊት የተቀየማችሁት ሰው ካለ

ከማኅበርተኛችሁ ጋር ተኳርፋችሁ ለመቁረብ ካሰባችሁ ነገሩን ለእሁድ ጠዋት አታቆዩት። በቅዳሴው ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላም ተባባሉ ሲል ጎንበስ ማለት ብቻውን እርቅ አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ማቴዎስ 18፥15 መጀመሪያ ለብቻችሁ ተነጋገሩ ይላል። ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ሰው ቀድሞ ለጽዋ ማኅበሩ ያወራና ወሬው ከእሱ በፊት ይደርሳል።

«ያጠፋሁት ካለ ይቅር በለኝ» አትበሉ (ይህ ለበዓል ዋዜማ የጅምላ መልእክት እንጂ ለእርቅ አይሆንም)። «በስብሰባው ላይ ሰው ፊት ስላዋረድኩህ ይቅር በለኝ» በሉ፤ «አንተም ግን…» የምትለዋን ዋጧት። እምቢ ካለ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዛችሁ ተመለሱ፤ እሱም የሚያከብራቸው እንጂ የእናንተ ወዳጆች ብቻ አይሁኑ። ካልሆነ ለንስሐ አባት ንገሩ። የገንዘብ ጉዳይ ካለበት ደግሞ ብሩን ይዛችሁ ሂዱ።